ወረርሽኝ ሲበረታ አስታማሚው ማን ነው? ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ 19

በአዲስ አበባ ኅዳር 12 ቀን በደረሰ ቁጥር የየደጁን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። ጢሱ ከተማዪቱን ሲሸፍናት ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይጫወታሉ፤ አዋቂዎችም «ኅዳር ሲታጠን» ይሉታል። የልማዱን ምንጭ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ እሳት የሚያስታውሰው በ1911 ዓ.ም. አገሪቱን የመታውንና በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» የተባለውን ወረርሽኝ ነው። በዓለም ታሪክ ይኸው በሽታ «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» በመባል ይታወቃል።

ይህ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሟቾቹ ብዛት ተነግሮ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይኸውም ብዙ ሕዝብ ባንድ ጊዜ በጽኑ ሲታመምና ያለው የሕክምና ኃይል ሲያጥር ሰውን ከሞት የሚያተርፈው ምንድን ነው? አልጋው ነውን? መሣሪያው ነውን? ወይስ ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ ነገር አለ? መልሱን ለማግኘት ሁለት ከተሞችን እንመለከታለን። አንደኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ ሁለተኛዋ ከሐረርና ከጅግጅጋ ባሻገር ያለችው የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ናት። በመካከሉም ጥያቄው በሥራ የተመለሰባትን የዴንማርክን ከተማ ኮፐንሃገንን እናያለን።

የኅዳር 1911 ዓ.ም. መከራ

በ1911 ዓ.ም. መግቢያ ኢትዮጵያን የሚያስተዳድሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። በአውሮፓ አንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ነበር፤ የተኩስ አቁም ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበረው። ወታደርና ነጋዴ በመርከብና በባቡር በሚዘዋወርበት በዚያ ዘመን በሽታውም አብሯቸው ተጓዘ። በመላው ዓለም የገደለው ሕዝብ ብዛት እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል። ወደ አዲስ አበባም በባቡሩ መስመር ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል።

በሽታው በትኩሳትና በሳል ይጀምርና ሳንባን ያጠቃ ነበር። ከቀድሞዎቹ ወረርሽኞች የሚለየውም ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይሆን በጉልምስና ዕድሜ ያለውን ብርቱ ሰው ጭምር መጣሉ ነበር። በአዲስ አበባ የሞተው ሰው ከ5,000 እስከ 10,000 ይገመታል፤ ከዚህም ይበልጣል የሚሉ አሉ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት መትረፋቸውን በኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ገልጸዋል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና ምን ይመስል ነበር? ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የከፈተው ሆስፒታል ለዓመታት አገልግሎ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ነርስ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም። የሳንባን ምች የሚያድነው ፔኒሲሊን የተገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቢደርስ እንኳ በእጁ የያዘው መድኃኒት ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። መድኃኒት በሌለበትም ቢሆን ከታመመው ሰው አብዛኛው ይድን ነበር። በማገገምና በመሞት መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚወስነው ማስታመም ነበር። ውሃ የሚያቀርብ፣ አጥሚት የሚያጠጣ፣ የሚያለብስ፣ የሚያገላብጥ፣ ትኩሳቱን የሚያበርድ ሰው ያገኘ ሕመምተኛ የመትረፍ ተስፋ ነበረው። የኅዳር በሽታ ክፋቱ ግን ይህንኑ መንጠቁ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ቀን ሲወድቅ አስታማሚው ራሱ ታማሚ ሆነ። እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሊደርስ አልቻለም። ቀባሪ እስከ መጥፋት የተደረሰውም ከዚህ የተነሣ ነው። በሽታው በሳንባው ያልገደለውን ሰው በውሃ ጥምና በብቸኝነት ገደለው ማለት ይቻላል።

ይኸው ወረርሽኝ በምሥራቅ በኩል ያለውን አገርም አልማረም። ዛሬ ሐርጌሳ ዋና ከተማው የሆነችለት ምድር በዚያን ጊዜ «የእንግሊዝ ሶማሊላንድ» ይባል ነበር። የአስተዳደሩ መቀመጫ በርበራ ስትሆን በአገሩ ውስጥ ከሰይድ መሐመድ ዐብደላ ሐሰን ጋር የተጀመረው ጦርነት ገና አልበረደም። ሕዝቡም አብዛኛው ከግመሉና ከበጉ ጋር የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ነበር። በዚያ የነበረ አንድ የእንግሊዝ ሹም ከአገሬው ሕዝብ ከመቶው ሰባቱ በኢንፍሉዌንዛ እንደ ሞተ ገምቷል። ተማሪዎች ይህ ቁጥር እንዲገባቸው በክፍላቸው ይመንዝሩት፤ ሃምሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሦስት ወይም አራት ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ ማለት ነው። ሰይዱም በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. በኢሚ ያረፉት በኢንፍሉዌንዛ እንደ ነበረ ይነገራል።

እንግዲህ በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባም ሆነ በሶማሊላንድ የጎደለው ምን እንደ ነበረ ታየ። ሆስፒታል ጎድሏል፤ መድኃኒት ጎድሏል፤ ከሁሉም በላይ ግን የሠለጠነ አስታማሚ ጎድሏል። የመጨረሻው ጉድለት የድሆች አገሮች ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ የሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሽ ወደ ሆስፒታልነት ተለውጦ ነበር፤ አዳራሹና አልጋው ሲገኝ ሌት ተቀን የሚፈለጉት ነርሶች ነበሩ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል አወላለድ

«የጽኑ ሕሙማን ክፍል» የሚባለው ነገር በኅዳር በሽታ ዘመን በየትም አገር አልነበረም። እርሱን የወለደው ሌላ ወረርሽኝ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ክረምት በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ፣ ማለት ፖሊዮ፣ ተነሣ። የዚህ በሽታ ቫይረስ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሲያሰንፍ ሕመምተኛው አእምሮው ሳይናወጥ፣ ዐይኑ እያየ፣ አየር መሳብ ያቅተዋል።

ሕሙማኑን የተቀበለው ብሌግዳም የተባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ነው። በቀን እስከ ሃምሳ የሚደርሱ ሕሙማን ይገቡ ነበር። ሆስፒታሉ የነበረው ግን «የብረት ሳንባ» የሚባለው ትልቅ መሣሪያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ ሌላ ደረትን የሚሸፍኑ ስድስት ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ተስኗቸው በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ላሰን ከውጭ አንድ ሰው አማከሩ። ሰውዬው ብዮርን ኢብሰን የተባሉ ሰመመን ሰጪ ሐኪም ነበሩ። ኢብሰን በቀዶ ሕክምና ክፍል በየቀኑ የሚሠሩትን ሥራ ወደ ሕሙማኑ አልጋ አመጡት። በአንገት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በአየር ቧንቧው ውስጥ ቱቦ ይገባል፤ ከቱቦው ጋር የጎማ ከረጢት ይያያዛል፤ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ከረጢቱን በእጁ እየጨመቀ ኦክሲጂን የተቀላቀለበት አየር ወደ ሳንባው ያስገባል። ነሐሴ 27 ቀን 1952 እ.ኤ.አ. በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ ሲሞከር ልትሞት የተቃረበችው ልጅ ነፍስ ዘራች።

ዘዴው ተገኘ፤ ነገር ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ከረጢቱን ሌት ተቀን የሚጨምቀው ማን ነው? ወረርሽኙ በበረታበት ወቅት እስከ ሰባ የሚደርሱ ሕሙማን ባንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ይተነፍሱ ነበር። ያን ያህል ሐኪም በከተማዪቱ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ የተጠሩት ተማሪዎች ናቸው። ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በየተራ እየገቡ በሕሙማኑ ራስጌ ተቀመጡ። በጠቅላላው ወደ 165,000 ሰዓት ያህል በእጃቸው አስተነፈሱ። ከመቶው 87 ይሞት የነበረው ሕመምተኛ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ በኋላ ከመቶው ወደ 25 ገደማ ወረደ። በዓመቱ ደግሞ ኢብሰን በኮፐንሃገን ከተማ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ባንድ ቦታ ተሰብስበው ሳይቋረጥ የሚጠበቁበት ክፍል አቋቋሙ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የዘር ሐረግ ከዚህ ይቆጠራል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ተረታችን በኮፐንሃገን በሥራ ታይቷል። ነገሩን በጥንቃቄ ብንመረምረው ግን ተማሪዎቹ ሊጠቅሙ የቻሉት ብዙ በመሆናቸው ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ስለ ሰውነት አሠራር አስቀድመው ተምረው ነበር። ሁለተኛ፣ ሥራው ተከፋፍሎ፣ ተራው ታውቆ፣ የሚያሳያቸው ባለሙያ አጠገባቸው ነበር። ሦስተኛ፣ አንድ ሕመምተኛ አንድ የተመደበ ጠባቂ ነበረው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያልነበሩት እነዚሁ ናቸው።

ከወረርሽኝ በኋላ የተከፈተ ኮሌጅ

በኮፐንሃገን ይህ ሲሆን በአገራችንም ከወረርሽኝ ትምህርት የተወሰደበት ጊዜ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሺዎችን ፈጀ። በአካባቢው ሕዝቡን የሚደርስለት የጤና ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነው። እነዚህም በቡድን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያዎች ይመደቡ ጀመር። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚህ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1964 እ.ኤ.አ. ነው።

የጎንደር ኮሌጅ ታሪክ ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የተሰጠው ምላሽ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይባል ያደረገውም ይህ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ለሚቀጥለው ጅብ ጠባቂ ተዘጋጅቷልና።

ኮቪድ 19 በአዲስ አበባ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህም በሽታ እንደ ኅዳር በሽታ ሳንባን የሚያጠቃ ነው። ልዩነቱ በመቶ ዓመት ውስጥ ኦክሲጂን፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የሠለጠነ ሰው መፈጠራቸው ነው። ሆኖም ሁሉም በቂ አልነበሩም።

መንግሥት መጀመሪያ ያደረገው ሕሙማኑን ከሌላው ሕመምተኛ መለየት ነበር። ለዚህም በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተመደበ። በግንቦት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ስብሰባና በዓል ይደረግበት የነበረው የሚሊኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማእከልነት ተለውጦ ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። የኦክላንድ አዳራሽ ታሪክ በአዲስ አበባ ተደገመ ማለት ነው። አዳራሹ ወደ አንድ ሺህ ሕሙማን እንዲይዝ ሲሰናዳ ለጽኑ ሕሙማን የተለዩት አልጋዎች ግን ወደ 40 የሚሆኑ ነበሩ።

አንድ ሺህና አርባ! ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? አልጋ ከእንጨት ወይም ከብረት በሳምንት ይሠራል። ለጽኑ ሕመምተኛ ግን ኦክሲጂን የሚያደርስ ቧንቧ ወይም ሲሊንደር፣ የደሙን ኦክሲጂን የሚያሳይ መሣሪያ፣ የማያቋርጥ መብራት ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ሌት ተቀን የሚከታተለው ነርስ ያስፈልገዋል። በደህና ጊዜ በእንዲህ ያለው ክፍል አንድ ነርስ የምትጠብቀው አንድ ወይም ሁለት ሕሙማን ነው። ወረርሽኝ ሲበረታ ልምድ ያላት አንዲት ነርስ ከሌላ ክፍል የመጡ ብዙ ነርሶችን እየመራች፣ እነርሱ ደግሞ ሕሙማኑን ተከፋፍለው ይሠራሉ። የኮፐንሃገን ዘዴ በሌላ መልክ ይኸው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጡረታ የወጡና በትምህርት ላይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ለአገልግሎት እንዲዘጋጁ ጥሪ የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ትንሽ ስሌት ችግሩን ያስረዳል። አንድ ጽኑ ሕመምተኛ በአማካይ አሥር ቀን ይተኛል እንበል። በቀን አራት አዲስ ሕሙማን ቢገቡ፣ አራት ሲባዛ በአሥር አርባ አልጋ ዘወትር ይያዛል። በቀን ስምንት ቢገቡ ግን ባዶ የነበረው አርባ አልጋ በአምስተኛው ቀን ይሞላል፤ በስድስተኛው ቀን የሚመጡት ስምንቱ በር ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ «ቤት መቀመጥ፣ ርቀት መጠበቅ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን» የሚለው ምክር ለየግላችን ብቻ የተሰጠ አልነበረም። የሚታመመው ሰው ቁጥር ባይቀንስ እንኳ ባንድ ሳምንት ከሚመጣ በሁለት ወር ተከፋፍሎ ቢመጣ፣ ያው አርባ አልጋ የብዙ ሰው ነፍስ ያተርፋል።

የኦክሲጂኑም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ትልቅ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል ኦክሲጂን ይይዛል። ሕመምተኛው በደቂቃ 10 ሊትር ቢያስፈልገው ሲሊንደሩ በ11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያልቃል። አርባ ሕሙማን በዚህ መጠን ቢተነፍሱ በቀን 576,000 ሊትር፣ ማለት ወደ 85 ሲሊንደር ይፈጃሉ። ሲሊንደሩን የሚሞላ ፋብሪካ፣ የሚያመላልስ መኪና፣ የሚሸከምና የሚቀይር ሠራተኛ ከሌለ የመተንፈሻ መሣሪያው ብቻውን ዕቃ ነው።

የ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአዲስ አበባ ከባድ ወራት ነበሩ። የክትባቱ ሥራ ገና መጀመሩ ነበር። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥር የአፍሪካ አገሮች በ64 ሆስፒታሎች በ3,140 ጽኑ የኮቪድ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በጥናቱ መሠረት ከመቶው 48 ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ በሌላው ዓለም የተገኘው አማካይ ግን ከመቶው 31 ተኩል ነበር። ቫይረሱ አንድ ሲሆን ውጤቱ ለምን ተለያየ? ጥናቱ ካመለከታቸው ምክንያቶች ዋነኛው የጽኑ ሕሙማን ክትትልና መሣሪያ እጥረት ነው። ሕመምተኛው የሚሞተው በታመመበት አገርም ጭምር መሆኑን ይህ ቁጥር ይናገራል።

ሐርጌሳ፦ ከፍርስራሽ የተነሣ ሕክምና

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ከተማ እንሻገር። ሐርጌሳ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አስተዳደር የተሠራ ትልቅ ሆስፒታል ነበራት፤ ዛሬም «የሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል» ተብሎ ይሠራል። ነገር ግን በ1988 እ.ኤ.አ. በሲያድ ባሬ መንግሥትና በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መካከል በተደረገው ጦርነት ከተማዪቱ በመድፍና በአውሮፕላን ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በጅግጅጋ አቅራቢያ በሐርታሼክ የሰፈረው ስደተኛ ከዚያ የመጣ ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. በኋላ ሕዝቡ ሲመለስ ቤትም ሆስፒታልም የሚሠራው ከፍርስራሽ ነበር። ግድግዳው ቢሠራ ደግሞ በጦርነቱ የሞቱትና የተሰደዱት ነርሶችና ሐኪሞች ከየት ይምጡ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት አንዷ ወይዘሮ ኤድና አዳን ናቸው። በእንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት የተማሩት እኚህ ሴት በራሳቸው ገንዘብና በሌሎች እርዳታ በሐርጌሳ ሆስፒታል ሠሩ፤ ሆስፒታሉም በመጋቢት 2002 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የሚያስደንቀው ሆስፒታሉ ተሠርቶ ሳያልቅ ነርሶችን ማሠልጠን መጀመራቸው ነው። «ሆስፒታል የሚሆነው ቤቱ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰው ነው» ከሚለው ሐሳብ የተነሡ ይመስላል። ከዚያም ወዲህ የሠለጠኑት አዋላጆችና ነርሶች በየወረዳው ተሰማርተዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 ሶማሊላንድ ሲገባ በሐርጌሳ ሕሙማኑን የሚቀበል ሆስፒታል እንዲሆን የተለየው ዳርዬል ነው። ቃሉ በሶማሊኛ «እንክብካቤ» ማለት ነው፤ ከእኛ «ማስታመም» ጋር ይቀራረባል። ነገሩን በዓይነ ኅሊና ለማየት ያህል አሕመድ ዳጋህን እናስብ። አሕመድ ዳጋህ ከሐርጌሳ አውራጃዎች አንዱ ነው። በዚያ የሚኖር አንድ የቤተሰብ ኃላፊ በሌሊት ትንፋሽ ቢያጥረው ቤተሰቡ የሚያስበው ሦስት ነገር ነው፤ ወዴት ይወሰድ? በምን ይወሰድ? ከደረሰ በኋላስ የሚቀበለው አለን? የመጀመሪያውን ጥያቄ ዳርዬልን በመለየት መመለስ ተችሏል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን አንድ ውሳኔ ብቻውን አይመልሳቸውም። እነዚህ የመንገድ፣ የመብራት፣ የኦክሲጂንና የሰው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ይጀምራል።

ሶማሊላንድ ነጻነቷን ብታውጅም በዓለም መንግሥታት ዘንድ ሰፊ ዕውቅና ሳታገኝ ቆይታለች። ስለዚህ ለጤና የሚሆን ብድርና እርዳታ እንደ ሌሎች አገሮች በቀጥታ ለማግኘት ተቸግራለች። ይህን ለማካካስ የረዳት በውጭ አገር ያለው ተወላጅ የሚልከው ገንዘብና በአገር ውስጥ የሠለጠነው ሰው ነው። የአዲስ አበባ ችግርና የሐርጌሳ ችግር በስፋታቸው ይለያዩ ይሆናል፤ በመሠረታቸው ግን አንድ ናቸው።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

ከላይ የተነገረውን ባጭሩ ብናጠቃልለው፣ ጽኑ ሕሙማን ሲበዙ አንድ ሆስፒታል አራት ነገሮችን ማስፋት አለበት፤ ቦታውን፣ ዕቃውን፣ ሰዉንና ሥርዓቱን። ቦታ አዳራሽ በመለወጥ ይገኛል። ዕቃ በግዢና በእርዳታ ይመጣል። ሥርዓትም፣ ይኸውም ሕሙማንን በየደረጃቸው መለየት፣ ተራ ማውጣት፣ ሊቆይ የሚችለውን ቀዶ ሕክምና ማዘግየት፣ ጥሩ መሪ ካለ በሳምንት ውስጥ ሊዘረጋ ይችላል። ሰው ግን በሳምንት አይሠለጥንም። አንዲት ነርስ ለመሥራት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ከዚያም በፊት ባዮሎጂና ሒሳብ በሚገባ የተማረች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መኖር አለባት። እርሷን ያስተማራት መምህርም መኖር አለበት።

የኮፐንሃገን 1,500 ተማሪዎች የአንድ ሌሊት ግኝት አልነበሩም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የሳንባን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣሉላቸው መምህራን ነበሩ። የሐርጌሳ ነርሶችም፣ የጎንደር ጤና መኮንኖችም እንዲሁ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የመጀመሪያው አልጋ የሚዘረጋው በትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥርዓቱ እንኳ ቢሟላ አንድ መራር ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። አንድ አልጋ ብቻ ቀርቶ ሁለት ሕሙማን ቢመጡ ለማን ይሰጥ? ቀድሞ ለመጣው? የመዳን ተስፋው ለሚበልጠው? ልጆች ላሉት? በኮቪድ ዘመን በሀብታም አገሮች ጭምር ሐኪሞች ይህን ለመወሰን ተገድደዋል። ውሳኔው በዘመድና በገንዘብ እንዳይሆን አስቀድሞ በግልጽ የተጻፈ መመሪያ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚሻለው ግን ጥያቄው እንዳይነሣ አስቀድሞ መሥራት ነው።

ውድ መምህራን፣ ይህን ታሪክ በክፍል ስታነሡ ተማሪዎቹ በቃል እንዲይዙት ከማድረግ ይልቅ እንዲያሰሉትና እንዲከራከሩበት ብታደርጉ ይመረጣል። የሒሳብ መምህሩ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ ሰባ ሕሙማን በእጅ የሚተነፍሱ ቢሆንና አንድ ተማሪ በአንድ ተራ ስድስት ሰዓት ቢሠራ፣ በቀን ስንት ተማሪ ያስፈልጋል? የባዮሎጂ መምህሩ ኦክሲጂን ከሳንባ ወደ ደም እንዴት እንደሚሻገር ያስረዳ። የጂኦግራፊ መምህሩ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ፣ ከበርበራ እስከ ሐርጌሳ፣ ከሐርጌሳ እስከ ጅግጅጋ ያለውን መንገድ በካርታ ያሳይና በሽታ በየት በኩል እንደሚጓዝ ይጠይቅ። የታሪክ መምህሩ ደግሞ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ሄደው «በኮቪድ ጊዜ በሰፈራችን የታመመውን ማን አስታመመው?» ብለው ታላላቆቻቸውን እንዲጠይቁና መልሱን ጽፈው እንዲያመጡ ያድርግ። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ እኛ ዘመን ለሚጽፍ ሰው እነዚህ ወረቀቶች ውድ ማስረጃ ይሆናሉ።

በኅዳር 12 ቀን የሚነደው እሳት ቆሻሻን ያጠፋል፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም የ1911 ዓ.ም. ሙታን ያጡት ንጹሕ ደጅ ብቻ አልነበረም። ውሃ የሚያቀብላቸው፣ የሚያገላብጣቸው፣ ትንፋሻቸውን የሚያዳምጥ የሠለጠነ እጅ አጥተው ነበር። ያን እጅ የማዘጋጀት ሥራ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ አይደለም፤ የሚጀምረው ነገ ጠዋት ደወል ሲደወል በምንገባበት ክፍል ውስጥ ነው።